ለሌባ የተቆለፈ በር፣ እሳት ሲመጣ

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም ተባለ። ሊፍቱ ቆመ። እኔ የምኖረው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዋናውን ደረጃ ደግሞ ቤት የሚቀይሩ ሰዎች ቁምሳጥን ይዘው ዘግተውታል። «ትንሽ ታገሱን» ይላሉ፣ ቁምሳጥኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ነው የአደጋ ጊዜ መውጫው ትዝ ያለኝ። እዚያ ህንፃ ላይ ሶስት ዓመት ስኖር አንድም ቀን ወርጄበት አላውቅም።

በሩ በላዩ ላይ የሚሮጥ ሰው ያለበት አረንጓዴ ምልክት አለው። ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የስልኬን ባትሪ አብርቼ መውረድ ጀመርኩ። አምስተኛ ፎቅ ማረፊያው ላይ ሁለት ጆንያ ከሰል ቆሟል። አራተኛው ላይ የህፃን አልጋና ባዶ ጀሪካኖች። ሶስተኛው ላይ ባለ ሶስት መቀመጫ ሶፋ፣ በላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ በጎን አለፍኩት። ምድር ላይ ስደርስ ወደ ውጭ የሚያወጣው በር በሰንሰለት ታስሯል። ሰንሰለቱ ላይ ጡጫ የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ዘበኛችን ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ቁልፉ እኮ ሰብሳቢው ጋ ነው» አሉኝ።

«እሳቸውስ የት ናቸው ጋሼ?»

«አዳማ። ማክሰኞ ይመጣሉ።»

ስድስቱን ፎቅ ተመልሼ ወጣሁ። ቁምሳጥኑ ገና አልተንቀሳቀሰም።

በኋላ ሳጣራ ያ ጓጉንቸር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በዚያ በር በኩል ሁለት ጊዜ ሌባ ገብቷል። አንዴ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነቅሎ ሄዷል። ሌላ ጊዜ ኮሪደር ላይ የተደረደረ ጫማ ጠርጎ ወስዷል። ነዋሪው ተሰብስቦ ጮኸ፣ ኮሚቴው ሰንሰለት ገዛ፣ ሁሉም ተረጋጋ። እኔም በዚያ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። እጄን አውጥቻለሁ መሰለኝ።

የነገሩ እምብርት እዚህ ጋ ነው ብዬ አስባለሁ። በከተማችን ብዙ አፓርታማዎች የአደጋ መውጫ የላቸውም ሲባል እንሰማለን። አላቸው፣ ቢያንስ አዳዲሶቹ። ችግሩ መውጫው ቀስ በቀስ ሌላ ነገር መሆኑ ነው። እዚያ የሚያደርሰውም ክፋት አይደለም፣ ምክንያታችን ሁሌም ደህና ምክንያት ነው። ሌባ ስላስቸገረ ይቆለፋል። ቤት ስለጠበበ ሶፋ ይቀመጥበታል። ሌባው በየወሩ ሊመጣ ይችላል፣ እሳቱ ግን በሰው ዕድሜ አንዴም ላይመጣ ይችላል። እንዲህ ሆኖ ሲሰላ ሁሌም የሚያሸንፈው ጓጉንቸሩ ነው።

ይህ ስሌት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጠለ። ፋብሪካው የአንድ ህንፃ የመጨረሻዎቹን ሶስት ፎቆች፣ ከስምንተኛ እስከ አስረኛ ይዞ ነበር። የሞቱት 146 ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ስደተኛ ወጣት ሴቶች። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከነበሩት ሁለት የደረጃ በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር። ሰራተኞች ሲወጡ ቦርሳቸው በሌላኛው በር ይፈተሽ ነበር፣ ዕቃ እንዳይሰርቁ። ልክ እንደ እኛ ህንፃ፣ ለሌባ ተብሎ የተቆለፈ በር። ከኋላ የብረት መውጫ ነበር። ሰው ሲበዛበት ተገንጥሎ ወደቀ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ክፋቶች ታዩ፣ የተቆለፈ በርና የማይሸከም ብረት። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፣ እኛም ገና ከሁለቱ አልወጣንም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ኩዌት፣ ማንጋፍ ውስጥ የሰራተኞች መኖሪያ ህንፃ ተቃጥሎ 50 ገደማ ሰው ሲሞት ወደ ጣራ የሚያወጣው በር ተቆልፎ እንደነበር ተዘግቧል። የኛም ልጆች በብዛት የሚኖሩበት አገር ነው።

ደግነቱ የቁልፉ ጉዳይ መላ የሌለው አይደለም። በትልልቅ ሆቴሎችና ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ወገብ ጋ የሚደርስ አግድም ብረት አይታችሁ ይሆናል። ከውስጥ በእጅም በሆድም ሲገፋ ይከፈታል። ከውጭ እጀታ የለውም፣ ሌባ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ይሄ ውድ ነው ከተባለ ከውስጥ ያለ ቁልፍ በእጅ የሚሳብ ጠንካራ መቀርቀሪያ አለ። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ከተጨመረበት ዘበኛው ማን እንደወጣ ያውቃል። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው። ከውስጥ የሚወጣ ሰው ቁልፍ መፈለግ የለበትም። በጨለማ፣ በጭስ፣ ልጅ ታቅፎ ቁልፍ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ስለ ጭሱ ደግሞ ትንሽ ላስረዝም፣ ምክንያቱም ደረጃን መውጫ የሚያደርገው ጭስ አለመግባቱ ነው።

እሳት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነበልባል ነው። ሰው የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭሱ ነው። እኛ አገር ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ እንደሚቀር ሁላችንም ሰምተናል። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የሌለው። ህንፃ ሲቃጠል እሱና ሌላው መርዝ በብዛት ይወጣል። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል። ደረጃ ቤት ደግሞ ከምድር እስከ ጣራ የተዘረጋ ባዶ ቱቦ ነው። በሮቹ ከተዘጉ መውጫ ነው። አንዱ ተከፍቶ ከቀረ ጭስ ማውጫ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2022 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የሆነውን እናስታውስ። ባለ 19 ፎቅ አፓርታማ ነው። ታችኛው ፎቆች ላይ ያለ አንድ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰበብ እሳት ተነሳ። እሳቱ ራሱ ከዚያ ቤትና ከፊት ለፊቱ ካለው ኮሪደር ብዙም አልወጣም። የሞቱት ግን 17 ሰዎች ናቸው፣ 8ቱ ህፃናት። ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። የገደላቸው ጭስ ነው። ቤተሰቡ ሲሸሽ የቤቱ በር ራሱን መዝጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። ላይ 15ኛ ፎቅ ላይ ያለ የደረጃ በርም እንዲሁ። ጭሱ በሁለቱ መሃል መንገድ አገኘ። በሮች ራሳቸውን እንዲዘጉ የሚያስገድድ ህግ በከተማው ነበር። የጎደለው በሩን ሲገፉት የሚዘጋ መሆኑን የሚያይ ሰው ነው። አስራ ሰባት ሰው የሞተው በር የሚዘጉ ሁለት ስፕሪንጎች ስራቸውን ስላልሰሩ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

የኛ ህንፃ የደረጃ በሮች ላይ ያቺ መዝጊያ ክንድ አለች። ወይም ነበረች። አራተኛ ፎቅ ላይ ተነቅላለች፣ በሩ ሲዘጋ ይጮሃል ተብሎ። ሁለተኛው ላይ በሩ በድንጋይ ተደግፎ ይውላል፣ አየር እንዲገባ። ይሄን ማንም ሰው ያለ ባለሙያ መፈተሽ ይችላል። በሩን ግማሽ ድረስ ከፍቶ መልቀቅ ነው። ራሱ ሄዶ፣ ራሱ ቀጭ ብሎ መዘጋት አለበት። ሄዶ ገርበብ ብሎ ከቀረ አልሰራም ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በዚህ ነገር የድሮዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ከዘመናዊዎቹ ባለ መስታወት አፓርታማዎች ሳይሻሉ አይቀሩም። ብዙዎቹ ደረጃና ኮሪደራቸው ክፍት ነው። ነፋስ ያገኛቸዋል፣ ጭስ አይታመቅባቸውም። ዲዛይኑ ርካሽ ስለነበር ነው ይሆናል፣ ግን ጠቅሟል። የሚያሳዝነው እኛ ከገባን በኋላ ያደረግነው ነው። ኮሪደሩን በላሜራ ዘጋነው፣ በረንዳውን በብረት ፍርግርግ አጠርነው፣ ደረጃው ስር ያለውን ቦታ የከሰልና የጋዝ ሲሊንደር ማስቀመጫ አደረግነው። ፍርግርጉንም አትስሩ ለማለት አይደለም፣ ሌባው እውነት ነው። ግን አንዱ መስኮት ላይ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉም ከውጭ እጅ በማይደርስበት፣ የቤቱ ልጅ ግን በሚደርስበት ቦታ ይንጠልጠል።

አሁን ወደ ብረቱ።

ከህንፃ ጀርባ የሚለጠፍ የብረት ደረጃ የኒውዮርክ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1860 እዚያ አንድ የድሆች አፓርታማ ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሰራተኞቹ መሰላል ላይኛው ፎቅ አልደርስ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው ለእንዲህ ዓይነት ህንፃዎች መውጫ ይሰራ የሚል ህግ ያወጣው። ባለ ህንፃዎቹም ርካሹን መንገድ መረጡ፣ ግድግዳ ላይ ብረት መቀጠል። ያ ብረት ዛሬ የከተማዋ መለያ ሆኖ ፎቶ ይነሳበታል። ከተማዋ ራሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የህንፃ ህግ አዲስ ህንፃ ላይ እንዲሰራ መፍቀዷን ትታለች። በምትኩ እሳት በሚቋቋም ግድግዳ የተከበበ ደረጃ ነው የምትፈልገው።

ለምን እንደተወች ለመረዳት አንድ ፎቶ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 1975 ቦስተን ውስጥ አንድ አፓርታማ ይቃጠላል። አምስተኛ ፎቅ ያለው የብረት መውጫ ላይ የ19 ዓመት ወጣትና የ2 ዓመት ህፃን ከአንድ የእሳት አደጋ ሰራተኛ ጋር ቆመዋል። የመኪናው መሰላል ሊደርስላቸው ጥቂት ቀርቶታል። ብረቱ ተገነጠለ። ሰራተኛው በአንድ እጁ መሰላሉን ይዞ ተረፈ። ወጣቷና ህፃኗ ወደቁ። ወጣቷ ሞተች፣ ህፃኗ ተረፈች። የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ስታንሊ ፎርማን አየር ላይ እያሉ አንስቷቸው ነበር። በዓመቱ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የጋዜጠኝነት ሽልማት ያገኘበት ፎቶ ነው። ዛሬ ቦስተን ባለችበት በማሳቹሴትስ ግዛት የውጭ ብረት መውጫ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ በባለሙያ ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ደረጃ ይሸከመው ተብሎ የሚሰላው ክብደት በካሬ ሜትር 490 ኪሎ ገደማ ነው፣ ማለትም ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ ስድስት ሰባት ሰዎች። እሳት ሲመጣ ደግሞ ሰው አንድ በአንድ ተራ ጠብቆ አይወርድም።

አዲስ አበባም አንዳንድ ህንፃዎች ከኋላቸው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ተለጥፎላቸዋል። አንድ በያጅ ወዳጄን ይዤ አንዱን ልናይ ሄድን። የማን እንደሆነ ይቅር። ከሩቅ ሲታይ አዲስ ነው፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል። ወዳጄ ምንም ሳይናገር መዶሻውን አውጥቶ ከታች ጀምሮ እያንኳኳ ወጣ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዱብ አለ፣ እንደ ካርቶን። ካቻቪቴውን አስጠግቶ ገፋ ሲያደርገው ገባ። ቡናማ ፍርፋሪ እጁ ላይ ፈሰሰ። «ይሄን የያዘው ብረት አይደለም፣ ቀለም ነው» አለኝ።

የት የት እንደሚያይ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ብረቱ ግድግዳው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ነው። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ውሃ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት በላይ ቦታ ስለሚፈልግ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። ዙሪያው ላይ ቡናማ ዕንባ የመሰለ መስመር ወርዶ ካያችሁ ያ ነው። ቀጥሎ ብየዳው። ከዚያ ብሎኖቹ። ቱቦላሬ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው፣ ባዶ ስለሆነ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ቀለም የሚቀባውም ዝገቱ በብረት ብሩሽ ተፍቆ፣ አንቲረስት የሚባለው ዝገት መከላከያ ገብቶለት ነው። በዝገት ላይ የተደረበ ቀለም ጠያቂ እንዳይመጣ ከማድረግ ውጪ ጥቅም የለውም።

ሰው ደረጃው ላይ ዲሽ ያስራል፣ ልብስ ያሰጣል፣ አበባ ይደረድራል። አበባው ያምራል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን የሚንጠባጠበው ብረቱ ላይ ነው። የዚያ ህንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰባት የአበባ ጣሳ ቆጠርኩ። ከስራቸው ያለው ላሜራ ወንፊት መስሏል።

«ደረጃው ባይሰራስ ባለሁበት እጠብቃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለንደን፣ ግሬንፌል ታወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሲቃጠል መመሪያው እሱ ነበር። ቤታችሁ ካልተቃጠለ ውስጥ ቆዩ። የህንፃው የውጭ ልባስ ግን ተቀጣጣይ ስለነበር እሳቱ በውጭ በኩል ወደ ላይ ሮጠ። ባለ 24 ፎቁ ህንፃ የነበረው ደረጃ አንድ ብቻ ነው። መመሪያው እስኪቀየር ሁለት ሰዓት ገደማ አለፈ፣ ያኔ ደረጃው ጭስ ሆኗል። እዚያም ራሳቸውን ያልዘጉ የቤት በሮች ጭሱን እንዳሳለፉት ምርመራው አረጋግጧል። 72 ሰው ሞተ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦችም ሰው አጥተውበታል። እንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ ለሚሆኑ አዳዲስ የመኖሪያ ህንፃዎች ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ እንዲሆን የወሰነችው ከዚያ በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2026 ጀምሮ። ሁለተኛው ደረጃ ለቁጥር አይደለም። አንዱ ጭስ ሲይዘው ሌላው እንዲቀር ነው። የተቆለፈ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ህንፃ እንግዲህ ባለ አንድ ደረጃ ነው።

የእሳት አደጋ መኪናም ቢጠራ ይምጣ እንጂ መቼ እንደሚደርስ እኛ አንወስንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ ጠቦ መኪኖቹ ለመግባት ምን ያህል እንደተቸገሩ አይተናል። 939 ደውሉ፣ ግን እየደወላችሁ ውረዱ።

ታዲያ ይሄ የማን ስራ ነው? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያለውን ህንፃ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶ በጥብቅ እንዲቆጣጠሩት ደንግጓል። ጥሩ ነው። ግን ተቆጣጣሪው የሚያየው ደረጃው አዲስ ሆኖ ነው፣ ሶፋው ሳይመጣ። ከዚያ በኋላ ያለው በጋራ ህንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 370/1995፣ የባለቤቶቹ ማህበር ላይ ይወድቃል። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣራው የጋራ ነው።

በወረቀት ግልፅ ነው። መሬት ላይ ሲወርድ ግን የእኛን ህንፃ ብቻ ብቆጥር ከግማሽ በላዩ ተከራይ ነው። ባለቤቶቹ ወይ ሌላ ሰፈር፣ ወይ ውጭ አገር ናቸው። ስብሰባ ላይ ድምፅ ያለው ሰው ህንፃው ውስጥ አያድርም። ህንፃው ውስጥ የሚያድረው ሰው ድምፅ የለውም። ወርሃዊ መዋጮው ለዘበኛ፣ ለፅዳትና ለሊፍት ያልቃል። ሊፍት ሲበላሽ በማግስቱ ጩኸት አለ፣ የደረጃ በር ስፕሪንግ ሲበላሽ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ተከራዩም ስብሰባው ላይ ይቀመጥ ባይ ነኝ። ህጉ ድምፅ ባይሰጠውም አፍ አለው። ማህበሩም ለደረጃው ብቻ አንድ ሰው ይመድብ፣ በወር አንዴ ከላይ እስከ ታች ወርዶ ያየውን ወረቀት ላይ የሚፅፍ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማታ ላይ መብራት አጥፍቶ ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ያውቀዋል።

እኛ ጋ ስብሰባው ሶስት ሳምንት ፈጀ። «ሌባ ሲገባ አንተ ትከፍላለህ?» ያሉኝ አሉ። በመጨረሻ ጓጉንቸሩ ወርዶ ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያና ደወል ገባ። ደወሉ የመጀመሪያው ሳምንት በየሌሊቱ ጮኸ። አንድ ጎረምሳ ሲጋራ ሊያጨስ የሚወጣበት በር እንደነበር ያኔ ነው ያወቅነው። በየት ይወጣ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም፣ ቁልፍ አስቀርፆ ሳይሆን አይቀርም። ከሰሉና ጀሪካኖቹ ተነሱ። የአራተኛው ፎቅ መዝጊያ ተመለሰች።

ሶፋው አሁንም አለ። የሶፋውን ባለቤት ደረጃ ላይ አግኝቻቸው ጠየቅኳቸው። ለልጃቸው ጎጆ የገዙት ነው፣ ሰርጉ ለጥር ተላልፏል። «እስከዚያ ታገሰኝ ልጄ» አሉኝ። ታጋሽ ልሁን ብዬ ለካሁት። ሶፋው ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ የሚተርፈው አርባ ሁለት ሳንቲም ነው።